የጓንጉል ወለድ አገድ

ስለ ጓንጉል ይርዳው የሚወራው ሁሉ የእርሱ አይደለም። ያገር ሰው ጌታ የሌለው ቀልድ ሲያገኝ ለጓንጉል ይሰጠዋል፤ ጓንጉልም ሞቷልና አልቀበልም አይልም። የቤቱ ነገር ግን የራሱ ነው ይላሉ። ሲያወሩትም እንዲህ ነው።

፩

ጓንጉል ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። መተዳደሪያው በችሎት ቆሞ ለሌላ ሰው መሟገት ነው። ለሌላው ሲናገር ያሸንፋል፤ ለራሱ ሲሆን ግን ዋስ ይገባል። የሚስቱ ወንድም ሰማንያ ብር ተበድሮ ወደ ቆላ ሲጠፋ፣ ዕዳው በዋሱ በጓንጉል ላይ ወደቀ። ጓንጉል ደግሞ አባቱ ካወረሰው ሰቀላ ቤት በቀር ምንም አልነበረውም። በዚያ ቤት ላይ ሰማንያውን ብር የሰጡት የጨው ነጋዴው ነጋድራስ ቢተው ናቸው።

ውሉ ወለድ አገድ ነበር። ባለገንዘቡ ወለድ አይቀበልም፤ በወለዱ ፋንታ ዋናው እስኪመለስ ድረስ ቤቱን ይዞ ይገለገልበታል። ብሩ በሦስተኛው ዓመት እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልተመለሰ፣ ቤቱ ለነጋድራስ ጨርሶ ይቀራል። ይህ በሽማግሌ ፊት ሲነበብ ነጋድራስ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሰው ወለድ በልቼ አላውቅም» አሉ።

ጓንጉልም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «እውነታቸውን ነው፤ ቤት ሙሉ የሚውጥ ሰው ወለድ የት ያጠግበዋል?» አለ።

፪

በማግሥቱ የነጋድራስ አህዮች አሞሌ ጨው ተጭነው መጡ። አዳራሹ እስከ ማገሩ በጨው ሞላ፤ ጓንጉልና ሚስቱ እመት አንጓች ወደ ጓዳ ተገፉ። የሰፈሩ ከብትም ጨው ሸቶት እየመጣ ግድግዳውን ይልስ ጀመር።

ነጋድራስ ይህን ሲያዩ ጓንጉልን ጠሩና፣ «አንተ ወሬኛ! ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ከምትቀደድ እነዚህን ከብቶች አግድልኝ!» አሉት።

ጓንጉል ዱላውን አንሥቶ ከብቱን ወደ ሜዳው መለሰና፣ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ነጋድራስ፣ የውሉ ስም ዛሬ ገና ገባኝ። ወለድ አገድ ሲሉ ወለዱ ቀረ ማለት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወለዱን የሚያግድ እረኛ ተገኘለት ማለት ኖሯል።»

፫

ሁለተኛው ክረምት ሲቃረብ የሰቀላው ክዳን ሳሳ። ጓንጉል ወደ ነጋድራስ ሄደ።

«ቤቱን የሚገለገሉበት እርስዎ ነዎት። ሣር ይግዙና ይከደን።»

«ቤቱ የማን ነው?» አሉ ነጋድራስ።

«የእኔ።»

«እንግዲያ ባለቤቱ ይክደነዋ! እኔ መያዣ የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ ቤት ከዳኝ ነኝ?»

«ታዲያ ሲያፈስ የእኔ፣ ሲያባራ የእርስዎ ነው?» አለ ጓንጉል።

ነጋድራስ ሳቁ። ሳቅ ገንዘብ ስለማያስወጣ አይሰስቱበትም ነበር። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ ግን ክዳኑ በሦስት ቦታ ተቀደደ፤ ጨውም እየሟሟ በደጃፉ ይወርድ ጀመር። ነጋድራስ ኩታቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«ጨዌ! ኧረ ጨዌ አለቀ! ምን ቤት ነው ይሄ?»

ጓንጉልም ጅረቱን እያየ፣ «አይፍረዱበት ነጋድራስ። በዚህ ከተማ ለእኔ ያለቀሰልኝ እሱ ብቻ ነው፤ እንባ ደግሞ ጨው ጨው ይላል» አለ።

፬

እመት አንጓች በጓዳ መኖር መረራት። «አንቱ ሰው፣» አለችው፣ «የአባትዎ ቤት በዓይናችን እያየን ሊሄድ ነው። ሌላ አበዳሪ ፈልገው የነጋድራስን ብር ይወርውሩላቸው፤ ዕዳው ወደሚሻል ሰው ይዙር።» ጓንጉልም የሚሻል ሰው መፈለግ ጀመረ። ወሬው እንደተሰማ የሚሻሉት ራሳቸው ይመጡ ጀመር።

መጀመሪያ ያስጠሩት የከተማው ዳኛ ግራዝማች ተድላ ናቸው። ግራዝማች ሲበሉ የሚያስቃቸው ሰው ይወዱ ነበር፤ ሲስቁ የሚታሙት እርሳቸው ካልሆኑ።

«ሰማንያውን እኔ እከፍልልሃለሁ» አሉት። «ቤትህን አልነካም። ወለድም አልልህም። ብሬን እስክትመልስ ድረስ ማታ ማታ ገበታዬ ላይ እየተገኘህ ታጫውተኛለህ። ሌላ ቤት ሄደህ ግን ቀልድ የሚባል እንዳትናገር። እንዴት ነው?»

በገበታው የነበሩት ሁሉ «ይህ እኮ ስጦታ ነው!» እያሉ አጨበጨቡ።

ጓንጉል እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ ነጋድራስ ቤቴን ይዘው አፌን ትተውልኛል። ቤትስ ቢያዝ ዘመድ ዘንድ ይታደራል፤ አፌ ከተያዘ እርስዎን በማን አፍ ላማ ነው?» አለ።

ግራዝማች አልሳቁም። ያን ቀን የሰሙትን በልባቸው አኖሩ።

፭

ቀጥሎ የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ክንፉ፣ መስቀላቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ።

«ልጄ ጓንጉል፣ ወለድ ኃጢአት ነው፤ ወለድ አገድም የኃጢአት ወንድም ነው። ሰማንያውን ብር ደብሩ ይክፈልልህ። ቀን ቀጠሮ የለብህ፣ ዋና መልስ የሚልህ የለ። እስክትሞት በቤትህ ተቀመጥ። ስትሞት ቤቱ ለደብሩ ይሆናል፤ እኛም በየዓመቱ ተዝካርህን እናወጣለን።»

«እመት አንጓችስ?»

«ትመነኩሳለች።»

ይህን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ መጣ፤ «አባቴ፣ ባሌን በቁሙ ቀበሩት፣ እኔን ሳልጠየቅ አመነኮሱኝ። ገና ሳይረፍድ ስንት ሥራ ሠሩ!»

አለቃ ክንፉ ደንገጥ ብለው፣ «ለነፍሱ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን አገኛለሁ?» አሉ።

ጓንጉል መስቀል ተሳለመና፣ «አባቴ፣ የነጋድራስ ወለድ ስሞት ያቆማል፤ የእርስዎ ስሞት ይጀምራል» አለ።

፮

ፈንቴ የሚባል ደላላ ደግሞ ነበር። ደላላ በእንቅልፉም ውል ያዋውላል፤ ፈንቴ ግን እንቅልፍም አልነበረውም። ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ ባለጸጋ አገኘሁልህ ብሎ እየሮጠ መጣ።

«አያ ጓንጉል፣ እልል በል! ቤትህን አይዝም። በወር አንድ ብር ብቻ ወለድ፤ ሌላ የለም!»

«ሌላ የለም?»

«ምንም! ለእኔ ለልፋቴ አራት ብር ብቻ።»

«እሺ።»

«ለጸሐፊው ሁለት ብር። ለምስክሮቹ አንድ ሙክት። ሙክት ሲበላ ጠላ ይኖራል መቼም። ነጋድራስም ውሉ ያለጊዜው ሲፈርስባቸው ዝም ብለው አይለቁህ፤ አምስት ብር ካሣ። ደግሞ ለግራዝማች እጅ መንሻ...»

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣለሁ ፈንቴ?»

«ምን ችግር አለው! ባለጸጋው ያበድርሃል። ከሰማንያው ላይ ይደመራል።»

«ወለዱስ?»

«እሱማ በተደመረው ልክ ትንሽ ከፍ ይላል።»

ጓንጉል ደላላውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና፣ «ወንድሜ፣ ሸክሜን ላቅልልህ ብለህ መጥተህ አንተው ወጣህብኝ!» አለው።

ፈንቴ ሲወጣ እመት አንጓች ከጓዳ ብቅ አለች። «እንግዲህ ሁሉንም ሰማን። የቱ ይሻላል ይላሉ?»

«አንጓች፣ አንዱ ቤቴን፣ አንዱ አፌን፣ አንዱ ሬሳዬን፣ አንዱ ጀርባዬን ፈለጉ። እስካሁን ዕዳዬን የፈለገ ሰው አልመጣም።»

፯

በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ነጋድራስ ቢተው ሥጋት ገባቸው። ጓንጉል እንዲህ አበዳሪ ሲያማርጥ አንድ የዋህ ቢያገኝ፣ ሰማንያውን ብር ወርውሮ ቤቱን ሊያስለቅቃቸው ነው። ስለዚህ ወደ ግራዝማች ችሎት ሄደው አመለከቱ።

«ጌታዬ፣ ባለዕዳዬ እንደ ሚስቱ ወንድም ወደ ቆላ ሊጠፋብኝ ነው። እስከ ቀጠሮው ቁራኛ ይታሰርልኝ።»

ቁራኛ ማለት ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዱ ያለ ሌላው ሳይንቀሳቀስ አብረው መዋል ማደራቸው ነው። ነጋድራስ ያሰቡት ግልጽ ነበር፤ የታሰረ ሰው አበዳሪ ፍለጋ አይሄድም፤ ቀኑ ሲደርስ ቤቱ የእርሳቸው ነው። ግራዝማችም የገበታውን ነገር አልረሱምና፣ «ይታሰር!» ብለው ፈረዱ።

ሌላ ባለጸጋ ቢሆን አሽከሩን ያቆራኝ ነበር። ነጋድራስ ግን አሽከር ቢታሰር ሥራ ይፈታብኛል፣ ሥራ ፈትቶም ይበላብኛል ብለው ስላሰሉ፣ የገዛ ኩታቸውን ጫፍ ከጓንጉል ጋቢ ጋር አስቋጠሩ። ጓንጉል በዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገረም። ይህንም ሲያወሩት እንደ ተአምር ነው።

፰

የታሰረ ባለዕዳ ቢራብ ጥፋቱ የአሳሪው ነውና፣ በማግሥቱ ምሳ በነጋድራስ ቤት ቀረበ። እንጀራው ጠቁሯል፤ ሽሮው ውኃ ነው፤ በርበሬም ያለፈበት አይመስልም። ነጋድራስ ለእንግዳ ብለው ያሠሩት አልነበረም። ዘወትር የሚበሉት እሱን ነው።

ጓንጉል አንድ ጊዜ ጎረሰ። ቀጥሎም የነጋድራስን ፊት በኀዘኔታ አየ።

«ነጋድራስ፣ እኔስ ዕዳ አለብኝ፤ እርስዎ ምን በድለው ነው?»

፱

በሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ሆነና ነጋድራስ ጓንጉልን እየጎተቱ ጨው ሊሸጡ ወጡ። አንድ የደጋ ገበሬ አሞሌውን እያገላበጠ ጠየቀ።

«ይህ ጨው ውኃ አልነካውም?»

«ሚካኤልን! ጠብታ አልነካውም!» አሉ ነጋድራስ።

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ። ገበሬው ቀና አለ።

«አያ፣ አንተ ምን ትላለህ? ከእርሳቸው ጋር አይደለህ?»

«አብረን ነን፤ ግን እኔ ያለብኝ ዕዳ ይበቃኛል። የዚህን መሐላ ነጋድራስ ለብቻቸው ይክፈሉ።»

ገበሬው አሞሌውን አስቀምጦ ሄደ። ሌሎቹም ሄዱ። ያን ዕለት ነጋድራስ በዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋቸውን እንዳመጡት ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ነጋድራስ በሄዱበት ሁሉ ጓንጉል አለ። ለቅሶ ቤት ገብተው «ምነው በእኔ በሆነ!» ሲሉ፣ ጓንጉል «ኧረ ዝም ይበሉ፣ አብረን ነው የታሰርነው» ይላል። ሚስጥር ሊያወሩ ሰው ጆሮ ላይ ጎንበስ ሲሉ፣ የጓንጉል ጆሮም አብሮ ጎንበስ ይላል። ደንበኛ ጠፋ፤ ጋባዥ ጠፋ፤ ሕፃናት መንገድ ላይ እየተከተሉ ይስቁ ጀመር።

፲

ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ነጋድራስ ቢተው ጓንጉልን አስከትለው፣ ወይም ጓንጉል እርሳቸውን አስከትሎ፣ ወደ ግራዝማች ችሎት ገሠገሡ።

«ጌታዬ፣ ይፍቱኝ!» አሉ ነጋድራስ፣ ገና ከበሩ።

«የታሰረው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ተመችቶታል! የታሰርኩ እኔ ነኝ!»

«ለመሆኑ ምን አደረገህ? መታህ? ሰደበህ?»

«ምንም አላደረገኝም! አብሮኝ አለ እንጂ!»

ግራዝማች ሊስቁ ፈለጉ፤ ግን ለጓንጉል መሳቅ ሆነባቸውና ተዉት። ነጋድራስም ሳይጠየቁ የሚሰጡትን ይቆጥሩ ጀመር፤ ጨዋቸውን ዛሬውኑ ያወጣሉ፤ ቤቱን ይለቃሉ፤ ክዳኑን በራሳቸው ገንዘብ ያስከድናሉ፤ ሰማንያው ብር ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ ጓንጉል ሲመቸው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይከፈላል።

ቤቱ በዚያው ሳምንት ለጓንጉልና ለእመት አንጓች መመለሱን፣ ክዳኑም በአዲስ ሣር መከደኑን የሚያወሩት ሁሉ ይስማማሉ። የሚለያዩት ጓንጉል እሺ ከማለቱ በፊት ምን አለ በሚለው ነው። ብዙዎቹ የሚሉት ይህን ነው።

ግራዝማች፣ «ሰምተሃል ጓንጉል። ስታማርጥ ከርመሃል፤ ከዚህ የሚሻል ውል የሚሰጥህ ሰው አይገኝም። ቋጠሮው ይፈታ?» ብለው ጠየቁት።

ጓንጉል የነጋድራስን ኩታ ጫፍ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አደላደለና መለሰ፤

«ጌታዬ፣ ምን አስቸኮላቸው? እኔም ነጋድራስን የያዝኳቸው በወለድ አገድ ነው፤ ወለድ አልጠይቅም፣ እየተገለገልኩባቸው እቆያለሁ።»