የቆቅ ዳገት ሙሽሮች ለምን ያነክሳሉ

በሠርግ ወራት ቆቅ ዳገት በሚባለው አቀበት ሥር ያለፈ መንገደኛ አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ እያነከሰ ይወጣል። እንግዳ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እኔም በጅልነቴ ዘመን አንድ ጊዜ ስቄያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያግለኛል።

እንደሚነገረው፣ ባሪያ ፈንጋይ አገሩን ባመሰበት ዘመን የመንደሩ ሰው ሕፃናቱን ከዳገቱ ሥር ባለ ዋሻ ደብቆ ነበር። ፈንጋዮቹ ወደ ዋሻው ሲቃረቡ፣ አያ ዘገየ የሚባል ገበሬ፣ ቆቅ ክንፏ የተሰበረ መስላ አዳኙን ከጫጩቶቿ እንደምታርቅ ያውቅ ነበርና፣ ጋቢውን ጠቅልሎ ልጅ ያዘለ መሰለ፤ ብቅ ብሎም እያነከሰ ዳገቱን ተያያዘው። በቀላሉ የሚያዝ መስሏቸው ተከተሉት። አናቱ ላይ ሲይዙት ያዘለው ባዶ ጋቢ ሆኖ ቢያገኙት፣ በንዴት በመጥረቢያ ጀርባ ቅልጥሙን ሰብረው ጥለውት ሄዱ። ሕፃናቱ ተረፉ። እሱ ግን የሕፃናቱን እናቶች «ባዩኝ ቁጥር አንገታቸውን እንዳይደፉ፣ ለልጆቹ አትንገሩ» ብሎ አስማላቸው ይባላል።

ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ፣ አንዳርጌ፣ ሲያድግ የሰው ድምፅና አረማመድ በመቅዳት ስሙ ወጣ። የቄሱን ሳል ቢሉ፣ የጭቃ ሹሙን ቁጣ ቢሉ፣ ቁርጥ እነሱን ነበር። በሠርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው፣ ጓደኞቹ «እስቲ የአያ ዘገየን!» አሉት። ተነሥቶ ግራ እግሩን እየጎተተ ዳሱን ዞረው። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ የእናቱ የየሽመቤት ዋንጫ ብቻ ከእጇ ወደቀ።

አያ ዘገየ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፈገግ አለና፣ «ደህና አድርገህ ቀዳኸው፣ ልጄ። እኔም ስጀምረው እንዳንተ በማስመሰል ነበር» ብሎ ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

አንዳርጌ ነገሩ አልገባውም። እናቱ ወደ ጓዳ ጠራችውና መሐላዋን አፍርሳ፣ «ዋሻው ውስጥ አንተም ነበርክ። ያ የሳቅክበት እግር ላንተ የተሰበረ ነው» አለችው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሙሽራ ካባውን አወለቀና፣ እንደ አገሩ የዕርቅ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ከሽማግሌው ደጅ ተደፍቶ፣ «ሳላውቅ በስሕተት ነው አያ፣ ይማሩኝ» አለ።

አያ ዘገየ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ በል ተነሥና ሂድ ጨፍር። ያን ቀን ዳገት የወጣሁት እግራችሁ ደህና እንዲሆን አይደል?» አለው።

ድንጋዩ ወረደ፤ ኀፍረቱ ግን አልወረደም። አንዳርጌ ዳገቱን እያነከሰ ወረደ፤ እያነከሰም ዳሱ ገባ። አረማመዱ ያው የቅድሙ ነበር፤ የሳቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም ይባላል።

የአያ ዘገየ ጎጆ ከፈረሰ ብዙ ዘመኑ ነው። ከአንዳርጌ ወዲህ ሙሽሮች ሁሉ እያነከሱ ወጥተው ድንጋያቸውን እዚያው ያወርዳሉና፣ ክምሩ ዛሬ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እንግዳ ሰው «ሙሽራው እግሩን ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ቀና ሳይሉ ይመልሱለታል፤

«እግሩማ ደህና ነው። የሚያነክሰውም ስለዚህ ነው።»