አንጓች ውሃ የጠጣችበት ቀን

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቀበለኝ። ተቀበላችሁ? እንግዲያው ላውጋችሁ።

ጭንጫ ሜዳ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። በመንደሩ አንድም ሽንት ቤት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚወጣው ከምንጩ በላይ ወዳለው ጢሻ ነው። አቀበቱ አንጓችን ከበዳት፤ የሰው ዓይን ደግሞ ከአቀበቱ ባሰባት። ስለዚህ ካልጠጣሁ አልወጣም ብላ ውሃ መጠጣት ተወች። ከንፈሯ ደረቀ፤ ወገቧን ይወጋት፣ ራሷን ያዞራት ጀመር። የጤና ኬላዋ ባለሙያ መረመረቻትና በዚሁ ከቀጠለች ለእሷም ለልጁም እንደሚያሰጋ ነገረቻት። አንጓች ቤቷ ገባችና ባሏን ዘመነን፣ «ከጓሮ አንዲት ሽንት ቤት ቆፍርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው።

ዘመነ ሚስቱን ይወዳል። መሬቱ ግን ድንጋይ ነው፤ ዶማው ደግሞ ከመሀሉ ተሰንጥቋል። አጨዳው ሲያልቅ አሠራዋለሁ አላት። ሆድ አጨዳ አይጠብቅም አለችና ዶማውን ተሸክማ ወጣች። ዶማው ካልተሠራ ጉድጓዱ አይቆፈር፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ አንጓች ውሃ አትጠጣም።

ብረት ሠሪው ይመር ዘንድ ሄደች። ይመር ከቀዘቀዘ ምድጃው አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዶማውን አገላብጦ አየና ሥራው የአንድ ጧት እንደሆነ፣ ከሰል ግን አንድ ፍሬ እንደሌለው ነገራት። ከሰል ካልመጣ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ዶማው አይሠራ፤ ዶማው ካልተሠራ ጉድጓዱ አይቆፈር፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ አንጓች ውሃ አትጠጣም።

ከሰል አክሳዩ ስንሻው ዘንድ ወጣች። ስንሻው ሰባት ማዳበሪያ ከሰል ሞልቶ ኮረብታው ላይ ደርድሯል። ግን ማን ያውርደው? የምታወርድለት የመንደሩ ሴት የጠጂቱ አህያ ነበረች፤ አህያዋም ከመጣች ወር አለፋት። አህያዋ ካልተፈታች ከሰሉ አይወርድ፤ ከሰሉ ካልወረደ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ዶማው አይሠራ፤ ዶማው ካልተሠራ ጉድጓዱ አይቆፈር፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ አንጓች ውሃ አትጠጣም።

ጠጂቱ ዘንድ ወረደች። ጠጂቱን አህያዋ ላይ አራት ጀሪካን ስትጭን ደረሰችባት። የቅርቡ ምንጭ ስለታጠረ ከታች ከወንዙ ነው የምትቀዳው።

«እትዬ ጠጂቱ፣ አህያዎን ለአንድ ቀን ብቻ» አለቻት።

«ልጄ፣ አህያዬ ጧት ሄዳ ማታ ነው የምትመለስ። እኔም አብሬያት አህያ ሆኛለሁ» አለች ጠጂቱ።

ምንጩ ካልተከፈተ አህያዋ አትፈታ፤ አህያዋ ካልተፈታች ከሰሉ አይወርድ፤ ከሰሉ ካልወረደ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ዶማው አይሠራ፤ ዶማው ካልተሠራ ጉድጓዱ አይቆፈር፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ አንጓች ውሃ አትጠጣም።

ወደ ምንጩ ሄደች። በእሾህ ታጥሯል፤ በአጥሩ በር ላይ አባ ገረመው ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነገሩን አስረዷት። በክረምቱ የጢሻው ጉድ ሁሉ በጎርፍ ታጥቦ ምንጩ ውስጥ ገባ፤ ልጆች በተቅማጥ ወደቁ፤ ሽማግሌዎች ምንጩን አሳጥረው ለእሳቸው አደራ ሰጡ። ሰው ወደ ጢሻው መውጣት እስኪተው ምንጩ አይከፈትም። እስካሁን ልተው ብሎ የጀመረ አንድም ሰው አልተገኘም።

አንጓች ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና በጣቷ ቆጠረች። ጢሻው ካልተተወ ምንጩ አይከፈት፤ ምንጩ ካልተከፈተ አህያዋ አትፈታ፤ አህያዋ ካልተፈታች ከሰሉ አይወርድ፤ ከሰሉ ካልወረደ ብረቱ አይግል፤ ብረቱ ካልጋለ ዶማው አይሠራ፤ ዶማው ካልተሠራ ጉድጓዱ አይቆፈር፤ ጉድጓዱ ካልተቆፈረ ደግሞ ጢሻው አይተውም! ነገሩ ዞሮ ዞሮ የራሷው እግር ላይ ታሰረ። ልታለቅስ አሰበች፤ ሳቋ ቀደማት።

«አባ፣ ጢሻ ከሚወጡት አንዷ እኔ ነኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ አልወጣም። ጉድጓዴ እስኪቆፈር ከመንደር ወጥቼ ጤና ኬላው ድረስ እየሄድኩ የዚያን ሽንት ቤት እጠቀማለሁ።»

«በዚህ ሆድሽ?»

«በዚህ ሆዴ።»

አባ ገረመው መሬት መሬት አዩ። «እኔስ እዚህ ስጠብቅ ስውል የት የምወጣ ይመስልሻል?» አሏት። «እዚያው ነው። የምጠብቀውን ምንጭ የማቆሽሸው እኔው ነኝ።»

ከዚያ ተነሡ። በየደጁ ዞረው የእርጉዟን ቃል ለሰው አወሩ፤ የራሳቸውንም ጥፋት አልደበቁም። ሰው አፈረ፤ እሱም እንደ አንጓች ጤና ኬላው ድረስ ይሄድ ጀመር። ያፈረ ሰው ደግሞ ሥራ አያቅተውም፤ የጢሻውን ጉድ በአፈርና በአመድ ሸፈኑት፤ የምንጩን ጭቃ ጠርገው ድንጋዩን አጠቡ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ጠራ። የጤና ኬላዋ ባለሙያ መጥታ ለመጠጥ የሚሆነውን እያፈላችሁ ተጠቀሙ አለች፤ አባ ገረመው ከእንግዲህ ከምንጭ በላይ የሚወጣ እንዳይኖር አሉና እሾኹን ጎትተው ጣሉት።

ይኸው እንግዲህ፤ ጢሻው ተተወ፤ ምንጩ ተከፈተ፤ አህያዋ ተፈታች፤ ከሰሉ ወረደ፤ ብረቱ ጋለ፤ ዶማው ተሠራ፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ! ዘመነ አጨዳውን ትቶ ሲቆፍር ከአንገቱ በላይ ብቻ ይታይ ነበር። ስንሻው ለወለሉ ግንድ አመጣ፤ ይመር የበር ማጠፊያ ቀጠቀጠ፤ ጠጂቱ ግድግዳውን በጭቃ ለቀለቀች፤ አባ ገረመው ጀሪካን በስተው ለእጅ መታጠቢያ ደጁ ላይ ሰቀሉ።

አንጓችም ውሃ ጠጣች። አንድ ጣሳ ጠጣች፤ ደገመች፤ ሠለሰች።

ወደ ጓሮ ስትሄድ ግን ሰልፍ ጠበቃት። ስንሻው ቆሟል፤ ይመር ቆሟል፤ ጠጂቱ ቆማለች። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የዘመነ ዘፈን ይሰማል። ጠጂቱ በሩን በጡጫ ደበደበችው። ዘመነ እጁን ታጥቦ እያፈረ ወጣ፤ ሰልፉም ለሁለት ተከፍሎ አንጓችን አሳለፋት። ገባች፤ በሩን ዘጋች። እንደ ልቧ፣ ሳትቸኩል፣ ማንም ሳያያት ተቀመጠች።

ውጪ የቆሙት ግን ሰልፉ አልጣማቸውም። በማግሥቱ ዶማውን አባ ገረመው ወሰዱት፤ ከእሳቸው ጠጂቱ፣ ከጠጂቱ ይመር፣ ከይመር ስንሻው ተቀበለው። የአንጓች ልጅ ስትወለድ ጭንጫ ሜዳ ላይ ሽንት ቤት የሌለው ቤት አልነበረም።

ተረቴ አለቀ። ለአፌ ዳቦ ብትቆርሱልኝ አልጠላም፤ ብቻ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ።