የሚፈታ ማሰሪያ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ማሰር ነበር።

መምህር ይልቃል እንዲህ ብለው የጀመሩት ጎረቤታቸው ሙሉሰው ላቀረበላቸው ጥያቄ ነው። ሙሉሰው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። ልጅቱ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመርቃ ጎሬ ተመደበች። ሰኞ ትሄዳለች፤ እሱ ግን እስካሁን ሂጂ አላላትም። «መምህር፣ ወላጅ አጥብቆ መያዝ ነው ያለበት ወይስ መልቀቅ?» አላቸው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋርማሲ ያስተማሩ ናቸውና ምሳሌያቸውን ከዚያው አመጡ።

ሴትዮዋ የመድኃኒት ተመራማሪ ነበረች። ከባልደረቦቿ ጋር የምትሠራው የካንሰር መድኃኒት ሦስት ነገር ነበረው። አንዱ ካንሰሩን የሚገድለው መርዝ ነው። ሁለተኛው በደም ውስጥ ተጉዞ የታመመውን ሕዋስ ፈልጎ የሚያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያያይዛቸው ማሰሪያ ነው። ከሁሉ ትንሹ እሱ ነበር፤ የእሷ ድርሻም እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ማሰሪያዋ መንገድ ላይ ተፈታ። መርዙ በደም ውስጥ ፈሰሰና የካንሰሩ ዕጢ ሳይነካ የቤተ ሙከራው አይጦች አለቁ። በጣም አዘነች። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ማጥበቅ ብቻ ሆነ። ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ በመጨረሻ ደም ውስጥ ሳምንታት ቢቆይ ንቅንቅ የማይል ማሰሪያ ሠራች። አለቆቿ አደነቋት፤ ስሟም ተነሣ።

በዚህኛው አይጦቹ አልሞቱም። ዕጢውም ግን አልሞተም፤ እንዲያውም አደገ። መድኃኒቱ የታመመው ሕዋስ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር፤ መርዙ ግን እንደታሰረ ቀረ።

ባልደረቦቿ ጥፋቱን በመርዙ ላይ አላከኩ፤ ጠንከር ያለ ይፈለግ ተባለ። ሴትዮዋ የተመሰገነችበትን ሥራ በገዛ እጇ የጣለችው ያን ጊዜ ነው። ከስብሰባው መካከል ተነሣች።

«መርዙን ተዉት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳይፈታ ብቻ ነው የለፋሁት። የት እንደሚፈታ አንድም ቀን አላሰብኩም።»

እንዲህ ያለ ቃል ከተመሰገነ ሰው አፍ መስማት ያልተለመደ ነው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ግን ማሰሪያውን ለጊዜው ትታ የታመመውን ሕዋስ ታጠና ጀመር። ሕዋሱ የዋጠውን የሚቆራርጥበት ኢንዛይም በውስጡ እንዳለ፣ ያ ኢንዛይም ደም ውስጥ ግን እንደ ልቡ እንደማይሠራ ተረዳች። እንግዲያው ያ ኢንዛይም የሚቆርጠው ማሰሪያ ለመሥራት ተነሣች። በመካከሉ መርዙን በጥቂቱ ብቻ የሚያፈስ ማሰሪያ ስታገኝ፣ አለቆቿ ይበቃል፣ ሕመምተኛው እየጠበቀ ነው ብለው ገፏት። ጥቂቱ የሚፈሰው በማን ደም ውስጥ እንደሆነ ጠየቀቻቸውና እምቢ አለች። ሌላ ስምንት ወር ሠራች።

የመጨረሻው ማሰሪያ በደም ውስጥ ጸንቶ ቆየ፤ ሕዋሱ ውስጥ ሲገባ ተፈታ። መድኃኒቱን ቀድመው ከወሰዱት አንዷ፣ የጡት ካንሰሯ ወደ ሳንባዋ የተዛመተባት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባት ነበር። ከአራተኛው መርፌ በኋላ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አላጠራትም። ስድስት ዓመት ኖረች፤ ልብስ እየሰፋች። ሐኪሟን አመሰገነች፤ ማሰሪያ የሚባል ነገር በደሟ ውስጥ ማለፉን ግን አላወቀችም። ተመራማሪዋ ይህን ስትሰማ ደስ አላት እንጂ ቅር አላላትም።

መምህሩ ወደ ሙሉሰው ዞሩ።

«ልጅህ መርዝ ናት ማለቴ አይደለም፤ በማሰሪያው የመሰልኩት አንተን ነው። እናቷ ስትሞት ሳትበጠስ እዚህ ያደረስካት አንተ ነህ፤ ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። ያን ጊዜ ብትለቃት ትጠፋ ነበር። አሁን ግን ምጥ የያዛቸው ሴቶች ወደሚጠብቋት ቦታ የምትሄድበት ጊዜ ደርሷል። ሲደርስ የማይፈታ ማሰሪያ፣ መንገድ ላይ ከሚበጠሰው አይሻልም። መናኸሪያ ድረስ ሂድ፤ ሻንጣዋን ተሸከምላት፤ መርቃትና እጅህን አንሣ።»