ከጉድጓዱ ግድግዳ የመጣው አሚን

ስሟን ልተወውና፣ መስጂዷ ከግንቧ በዕድሜ የሚበልጥ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ውሃ የሚቸግራት ናትና ጉድጓድ ቆፋሪ እንደ ቃዲ ይከበርባታል። የቆፋሪዎቹ አውራ ሼህ ዘይኑ ይባሉ ነበር። እኚህ ሽማግሌ፣ ረፋድ ላይ የዱሓን ሁለት ረከዓ ከጉድጓዱ አፍ ሳይሰግዱ ገመድ አይነኩም።

አብሯቸው የሚቆፍረው ይማም ግን ችኩል ነው።

«ሼሃችን፣ ምን ጎደለብዎና ነው በየቀኑ የአላህን ደጅ የሚጠኑት? እኔስ ሲጨንቀኝ እጠራዋለሁ» ይላቸዋል። እሳቸው ፈገግ ብለው ገመዳቸውን ያነሳሉ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከጉድጓዱ ወለል ለአንድ ሰው የማይበገር ድንጋይ ገጠመና ሁለቱም ወረዱ። ግድግዳውን በእንጨት መደገፍ የይማም ፋንታ ነበር፤ የላይኛውን ነገ አደርሳለሁ ብሎ ትቶታል። አፈሩ ከአናታቸው ተናደ። ከድንጋዩ ሥር በቀረች ጠባብ ክፍተት፣ በድቅድቅ ጨለማ ተጣብቀው ቀሩ።

ይማም ፋቲሓን ጀመረ። ከልጅነቱ የሚያውቃት ሱራ መሀል ላይ ጠፋችው። እንደገና ጀመረ፤ ጭራሽ አፉ ተያዘ። ወላሂ፣ ከሞቱ ይልቅ ባዶ አፉ አስፈራው።

«ሼሃችን፣ ጠፋኝ!» አለ እያለቀሰ።

«አይዞህ ልጄ። እኔ ዱዓ ላድርግ፣ አንተ አሚን በል።»

ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ለመኑ። ይማም «አሚን» አለ። ከጀርባው፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ሌላ ድምፅ «አሚን» አለ። ከእግሩ ሥርም መጣ። ኋላማ፣ በጁምዓ ሰላት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እንደሚለው፣ አፈሩ በሙሉ «አሚን» አለ። ይማም ጠጉሩ ቆመ፤ የሽማግሌውን ክንድ ጨመደደ።

«እነማን ናቸው?»

«አትጠይቅ። አሚን በል።»

ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሰላት አዛን ሲባል፣ የከተማው ሰው ቆፍሮ አወጣቸው። ወንዶቹ ግን ዶማቸውን አልጣሉም።

«ሌሎቹስ? ስንት ሰው ነው እታች የቀረው?» አሉ። እነሱም ሰምተዋል።

ይማም ወደ ሼህ ዘይኑ ዞረ። ሽማግሌው አፈሩን ከጢማቸው አራገፉና «እኔም አላየኋቸውም» አሉት። «ብቻ ልጄ፣ በብርሃን ያልለመድከውን ደጅ በጨለማ ዳብሰህ ማግኘት ጭንቅ ነው።»

ወገኖቼ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ እኔ አልመራመርም፤ የገይብ፣ ከዓይን የተሰወረው ነገር፣ ለባለቤቱ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የይማም አፍ ነው። አላህማ ቅርብ ነበር፤ የራቀው የሰውየው ምላስ ነው። እኛም ጤና ሳለን ሱጁዱን ለክፉ ቀን እናቆየዋለን። ክፉ ቀን ግን አዲስ ምላስ ይዞልን አይመጣም።