መሬቱን የረሳው እግር

«አንድ የገና ተጫዋች ነበረ» አሉ ጋሽ ውብአየሁ፣ የትርሲትን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

ትርሲት የወረዳው የመረብ ኳስ ቡድን ተጫዋች ናት፤ እሳቸው የቡድኑ ወጌሻ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዘላ ስትወርድ እግሯ ወለም ብሏታል፤ እሁድ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ አለ። የጠየቀቻቸው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ሕመሙ እኮ ሄዷል ጋሼ! ታዲያ ለምን አልጫወትም?» እሳቸውም በቀጥታ አልመለሱላትም፤ ይህን ተረኩላት።

ሰውየው ገና በመጣ ቁጥር አቻ የማይገኝለት ነበር። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በሰፊው መስክ ሲገጥሙ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላው እየነዳ ሲያልፍ፣ ሣሩ ራሱ የሚያሳልፈው ይመስል ነበር። ዓመቱን ሙሉ እጁ ሞፈር ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን እዚያው መስክ ላይ። የእሱ ወገን የታች ሰፈር ግን ስድስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፏል። የሰባተኛውን ዓመት ተስፋ በዚህ ሰው እግር ላይ አንጠልጥለውታል።

ገና ሊደርስ ወር ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ የፍልፈል ጉድጓድ ረገጠና እግሩ ወለም አለው። ዘመዶቹ ተሸክመው ወደ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ወሰዱት። ቅቤም ይዘዋል፤ ወለምታ በቅቤ ይታሻል ሲባል ነዋ የኖሩት።

«ቅቤውን ለወጥ ተዉት፤ ትኩስ እብጠት አይታሽም» አሉ ሽማግሌው። ከዚያም መጀመሪያ የያዙት ደህናውን እግር ነው።

«አባባ፣ የታመመው እኮ ያኛው ነው!» አለ አንዱ።

«ተዋቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ነው» አለ ሌላው እየሳቀ።

«ደህናው ምን እንደሚመስል ሳላውቅ የታመመውን በምን ልለየው?» አሉና ደህናውን ዳበሱት፣ አጠፉት፣ አዞሩት። ከዚያ ወደ ታመመው ዞረው አጥንት አጥንቱን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። «አራት እርምጃ ተራመድልኝ» አሉት። እያነከሰ ተራመደ። «አልተሰበረም፤ ጅማቱ ነው የተጎዳው» ብለው እግሩን ከፍ አድርገው አስቀመጡለት፤ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅም ጠቀለሉት።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሕመሙ ሄደ። ጠዋት ተነሥቶ ረገጠ፤ ምንም የለም። ሮጠ፤ ምንም የለም። ወጌሻውን ሳይጠይቅ ዱላውን አንሥቶ ወደ ልምምዱ ወረደ። ሁለት ጊዜ እንደ ድሮው ሩሯን እየነዳ አለፈ። በሦስተኛው ዞር ከማለቱ፣ ጉድጓድም ድንጋይም በሌለበት ልሙጥ ሣር ላይ እግሩ ከዳው። የገና ዕለት የታች ሰፈር ሰባተኛ ሽንፈቱን ሲቀበል፣ እሱ ዋርካ ሥር ተቀምጦ አየ። የላይ ሰፈሮችማ ምን ይቀራቸዋል፦

«የታች ሰፈር ጀግና የት አለ ዘንድሮ?
ጠልፎ ጣለው አሉ ሣር እግሩን አስሮ።»

አፍሮ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ሽማግሌው አልተቆጡም። እብጠቱ እስኪወርድ ጠበቁና አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ ወንዝ ዳር ወሰዱት።

«በደህናው እግርህ ቁም። ዓይንህን ጨፍን።»

ቆመ። የወንዙ ድምፅ ይሰማዋል፤ ከማዶ አንዲት ጥጃ ትጮኻለች። እንደ ዛፍ ቆመ።

«አሁን በታመመው።»

ዓይኑን ከመጨፈኑ መሬቱ ከሥሩ ጠፋ። ሦስት ትንፋሽ እንኳ ሳይሞላ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ግን እኮ ምንም አያመኝም!» አለ ተገርሞ።

«አዎ፣ አያምህም። እግርህ ግን መሬቱን ረስቶታል።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እዚያ ይቆም ጀመር። ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች ሲያልፉ «ሽመላው፣ ዛሬስ ዓሣ ያዝክ?» ይሉታል። እሱ ትንፋሹን ይቆጥራል። ጉሙ በእግሩ ሥር የሚፈስ፣ እሱም በላዩ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ቀን ቀንን ሲተካ ግን መሬቱ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ቅዝቃዜው፣ ኋላ ዘንበል ማለቱ፣ በመጨረሻ እያንዳንዷ ጠጠር። ቆሞ ሲጠና ተረከዙን በድንጋይ ጫፍ ላይ ማንሣትና ማውረድ ተማረ። ከዚያ አሸዋ ላይ ርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ፤ ድንገት መዞርና መዝለል የተፈቀደለት ከሁሉም በኋላ ነው። ከዳነ በኋላም አልተወውም።

ገና ዞሮ መጣ። ሩሯን እየነዳ በመስኩ መሐል ሲበር፣ ያው የፍልፈል ጉድጓድ ተቀበለው። እግሩ ወደ ጎን ታጠፈ ሲባል በራሱ ቀና አለ። ሰውየው እንኳ አላወቀም። ሩሯ አለፈች፤ የታች ሰፈር በእልልታ ተናወጠ። ለሩሯ ግጥም ተገጠመ። ላልደረሰው ወለምታ ግን ማንም አልዘፈነም። ያንን ያዩት ዋርካው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ለብቻቸው ፈገግ አሉ።

ጋሽ ውብአየሁ ይህን ብለው የትርሲትን እግር ለቀቁት።

«ጫማሽን አውልቂና ቁሚ» አሏት።

በደህናው እግሯ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ከሜዳው የጓደኞቿ ኳስ ሲነጥር ይሰማታል። ብዙ ቆየች። እግር ቀየረች። አንድ… ሁለት… ትከሻቸውን ጨብጣ ቀረች።

«እሁድ ግን ዋንጫ ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ዋንጫ በየዓመቱ አለ፣ ልጄ። አየሽ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሕመም እንደ ተከራይ ነው፤ ለቆ ሲወጣ የቤቱ ባለቤት ወዲያው አይገባም። ሰው ሁለተኛ የሚወድቀው በዚያች ባዶ ቤት ውስጥ ነው። የእግርሽ ባለቤት ጥንካሬሽና ሚዛንሽ ነው፤ እስኪመለስ ጠብቂው። ነገ ማለዳ ነይ፣ ከሁለት ትንፋሽ እንጀምራለን። አንድ ቀን ዘለሽ ስትወርጂ እግርሽ ሳይታጠፍ ይቀራል። ያን ቀን ማንም አይዘፍንልሽም፤ እኔ ግን አያለሁ።»