ሲመጣ የሚገረፍ ውሻ

አንድ ሰው ነበረ። ውሻም ነበረው። ስሙን «መቻል» ብሎ አውጥቶለታል፤ ጎረቤት እንዲሰማው ነው፣ የእኛን አገር የውሻ ስም ታውቁ የለ? ይችል የነበረው ግን ውሻው ነው።

ይህ ውሻ አንድ ዐመል ነበረበት። በሩ ገርበብ ካለ ይወጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ልኳንዳ ቤት ደጅ ሄዶ ይንጎራደዳል። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ «መቻል፣ ና!» ይላል። ውሻው ጭራውን እየቆላ፣ እየሮጠ ይመጣል። ሲመጣ ምን ይጠብቀዋል? ጨንገር። «ሁለተኛ ትወጣለህ?» ከዚያ ሰንሰለት።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ማሠልጠኑ ነበር። ውሻ የሚገራው በዱላ ነው ሲባል ሰምቶ አደገ። እኛስ እንዲያው ሲባል ሰምተን አይደል ያደግነው?

እየቆየ ውሻው ሲጠሩት አልመጣ አለ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። አንድ እግሩን ወደ ፊት ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። መንገዱ ደግሞ ከባድ መኪና የሚከንፍበት ነው።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሰውዬው ቢጠራው ቢጠራው አልመጣም። ጨንገሩን ከጀርባው ይዟል። ባለቤቱ ውብነሽ አጥር ሥር ልብስ ታሰጣለች።

«ይኼ ውሻ ደንቁሯል፤ ስጠራው አይሰማም» አላት።

«ይሰማል እንጂ። መጥቶ ምን ሊያገኝ ይምጣ?»

«የምመታው እኮ ስለሚወጣ ነው።»

«አንተ ስለወጣ ነው የምትለው። እሱ የሚመታው ግን ሲመጣ ነው። ሌላ ምን ያውቃል?»

ያጠበችውን ሸሚዝ ጨምቃ አሰጣችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ምንተስኖትም እንደዚሁ ነው» አለች።

ምንተስኖት አንድ ልጃቸው ነው። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ በኋላ አንዴ ብቻ፣ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ገና ጫማውን ሳያወልቅ አባቱ ምን አለው? «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ቤት እንዳለህ ትዝ አለህ?» ማዕድ ላይ ደገመው። ልጁ ጎርሶ ሳይጨርስ እጁን ታጠበ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አባትም ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ጠላኝ» ይላል።

አሁን ግን ጆሮው ድረስ ጋለ። አፈረ። ከሚስቱ በቀር ያየው ሰው አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ፊቱን የሚያደርግበት አጣ።

ጨንገሩን ጣለ። ከምሳ የተረፈ አጥንት ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፣ ሳይጠራው። ብዙ ቆይቶ ውሻው መንገዱን ተሻግሮ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ሰውዬው ሊዳብሰው እጁን አነሳ። ውሻው እጁን ሲያይ እዚያው በተኛበት ሸና።

ሰውዬው እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አለቀሰ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ስልኩ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ ልጁ አነሳው። ጤና ይስጥልኝ አላለም፣ ደኅና ነህ ወይ አላለም።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ።

ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ስልክ ሲያነሳ የመጀመሪያ ቃሉ ምንድን ነው?

«ምንም አላጠፋህም። ና ልልህ ነው፤ ስትመጣም ምንም አልልህም» አለ አባት።

መጣ ወይ ትሉኛላችሁ። ቶሎ አልመጣም። እየመጣ የተገረፈ ቶሎ አያምንም።

እኛስ? ከጉባኤያችን ጠፍታ የከረመች እህት ዛሬ ተሳቅቃ ከኋላ ስትቀመጥ «እንዴት ትዝ አልንሽ?» ያላት ማን ነው? ቀልድ ነው እንላለን። ያንን ቀልድ ፈርታ ከዚህ ደጅ ስንቴ እንደተመለሰች ማን ጠየቃት? እግዚአብሔር እኛን እንዲያ ቢቀበለን ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር? እኔ አልቀመጥም ነበር።

ከጎናችሁ ያለውን ባዶ ቦታ እዩት። ማን ይቀመጥበት እንደነበር ታውቃላችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ጥሩት። ከመጥራታችሁ በፊት ግን እጃችሁን ከጀርባችሁ አውጡና ምን እንደያዘ ተመልከቱ።