የሚዳቋ ይሉኝታ

ተረት ተረት፤ የምንጭ ዳር እውነት።

በአንድ አገር የዱር እንስሳ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይጠጣ ነበር። የአገሩ ሽማግሌ አባ ጎሽ ነበሩ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ደካማ አያስነኩም። ማንንም ማስቀየም የማትወደው ሚዳቋ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድማ ውሃ ትወርዳለች።

አንድ ማለዳ ብትመጣ፣ አባ ጎሽ መግል የያዘ እግራቸውን ከምንጩ ዓይን ውስጥ ነክረው ቆመዋል።

«ደኅና አደርሽ ልጄ? ቅዝቃዜው ሕመሜን አስታገሠልኝ» አሏት።

«እግዜር ይማርዎት አባቴ» አለችና ዝም አለች። እንዴት ብላ ትናገር? ከጅብ አፍ ያስጣሏት እሳቸው ናቸው። በማግስቱም መጡ፣ በሠልስቱም መጡ። እሷ ግን ለራሷ ሹልክ ብላ ዳገቱን እየወጣች፣ ከዓለት ሥር የሚንጠባጠበውን መላስ ጀመረች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ከምንጩ የጠጣውን ሁሉ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ግልገሎቹ ቀድመው አለቁ። የመጨረሻው የአባ ጎሽ ጥጃ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሚዳቋ አላስችል ቢላት፣ ያየችውንም፣ ለብቻዋ ስትጠጣ የከረመችበትንም ቦታ ተናገረች። አባ ጎሽ አልተቆጡም። እግራቸውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ ልጄ?» አሉ። «እኔ እኮ እግሬን የትም እነክረው ነበር።»

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በንጹሕ ውሃ አርሱ።